የሕንድ ሕዝብ ቂጣና የሚነግረን ታሪክ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና በመዝገብ ቤት የተቀመጠውን ወረቀት ነው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በወረቀት ያልተጻፈ፣ በየዕለቱ በምጣድ ላይ የሚጋገር ሌላ መዝገብ መኖሩን የሕንድ አገር ታሪክ ያስተምረናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በሰሜን ሕንድ በማቱራ ከተማ፣ ማርክ ቶርንሂል የተባለው እንግሊዛዊ ሹም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢገባ በጠረጴዛው ላይ አራት ትንንሽ ቂጣዎች ተቀምጠው አገኘ። ነገሩን ቢመረምር፣ የአንዱ መንደር ዘበኛ ለሚቀጥለው መንደር ዘበኛ ቂጣ እየሰጠ፣ ያም በተራው ሌላ አስጋግሮ ወደ ፊት እንዲያሳልፍ እየተነገረው፣ ቂጣው ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዝ መሆኑን ተረዳ። በቂጣው ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ተቀባዩም ትርጉሙን አያውቅም። ሹማምንቱ ስለ ጉዳዩ ብዙ ቢጻጻፉም ፍቺውን ያገኘ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሜይ 10 ቀን በሚሩት የነበሩት የሕንድ ወታደሮች ዐመፁ፤ በ1858 ዓ.ም. የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አገዛዝ ቀርቶ አገሩ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ዋለ። ቂጣው ከዐመፁ ጋር ግንኙነት ይኑረው አይኑረው የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ያ ቂጣ ቻፓቲ ይባላል። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተለውሶ፣ ሳይቦካ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር ነው። ሊጡ ቅቤ እየተቀባና እየተደራረበ ሲዳመጥ ፓራታ፣ በፈላ ዘይት ተጠብሶ ሲነፋ ደግሞ ፑሪ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ በተለይ ስንዴ የሚበቅልበት የሰሜኑ ክፍል ልማድ ነው። ሩዝ በሚበዛበት በደቡብ ሩዝና ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፤ ሌሊቱን ቦክቶ ሲያድር ዶሳ የሚባለው ስስ ቂጣ ይጋገርበታል። የእንጀራን አጋገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

ከውጭ የገባውም ሁሉ በገበታው ላይ አሻራውን ትቷል። በገንቦ መሰል የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚበስለው ናን ስሙ የፋርስ ቃል ነው፤ የዴልሂ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ፋርስኛ ይነገርበት ነበርና። ፖርቱጋሎች በ1510 ዓ.ም. ጎዋን ከያዙ በኋላ እርሾ ቢያጡ፣ ከዘንባባ በሚቀዳ መጠጥ ሊጣቸውን እያቦኩ ዳቦ ጋገሩ፤ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምቤይ ሠራተኛው ሕዝብ የሚበላው ፓቭ ስሙን የወረሰው ከእነርሱ ቋንቋ ነው። የፑንጃብ ገበሬ ከሰናፍጭ ቅጠል ወጥ ጋር የሚወደው የበቆሎ ቂጣም ቢሆን፣ እህሉ ከአሜሪካ የመጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተን ግን በካርናታካ አገር ራጊ የሚሉት እህል ነው። ራጊ ማለት የእኛው ዳጉሳ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዳጉሳ በመጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ የተሻገረው እጅግ በቀደመው ዘመን ነው። ይህን እህል የተሸከመው ሰው ስሙ በየትኛውም ዜና መዋዕል አልተጻፈም፤ ሥራው ግን በድኻው ምጣድ ላይ ሲጻፍ ኖሯል። የከተማው ሰው ለረጅም ዘመን የድኻ ምግብ እያለ ቢንቀውም፣ ሕንድ ባቀረበችው ሐሳብ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2023 ዓ.ም. የዳጉሳና የመሰሎቹ እህሎች ዓመት እንዲሆን ወሰነ።

እንግዲህ ቶርንሂልና ባልደረቦቹ ስለ መሬትና ስለ ግብር ያጠናቀሩት መዝገብ ብዙ ነበር፤ የሚገዙትን ሕዝብ ቂጣ ግን ማንበብ ተሳናቸው። እኛም በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ፉርኖ ዳቦ ስለ ለመድን የዳጉሳውን ቂጣ አንናቅ። ዛሬ ማታ ገበታ ስትቀርቡ፣ በቤታችሁ ያሉትን አረጋዊት እናት ስለ እህሉና ስለ አጋገሩ ጠይቁ፤ የሚሉትንም ጻፉ። ይህ መዝገብ ግልባጭ የለውምና፣ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።