የፍየል ዘፈንና የጭላሎ አጋዘን

በአርሲ ደጋ፣ በጭላሎ፣ በጋላማና በካካ ተራሮች ላይ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የዱር እንስሳ ይኖራል፤ የደጋ አጋዘን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1910 ከሳይንስ ዓለም ጋር ተዋወቀ፤ ዛሬ በዕፀዋትና በእንስሳት ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራበት ስም «ትራጌላፉስ ቡክስቶኒ» ነው። ሁለተኛው ቃል የአንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ስም በመሆኑ ብዙ አያነጋግርም። የመጀመሪያው ግን ከሩቅ የመጣ ነው። «ትራጎስ» በጽርእ አውራ ፍየል ማለት ሲሆን «ኤላፎስ» ዋላ ማለት ነው። ስለዚህ የጭላሎው አጋዘን በጽርእ አንደበት «ፍየል-ዋላ» ሆኖ ተመዝግቧል።

ይኸው «ትራጎስ» በቲያትር ቤትም ይገኛል። «ኦዴ» ማለት ዘፈን ነውና «ትራጎዲያ»፣ በእንግሊዝኛ «ትራጀዲ»፣ ቃል በቃል ሲፈታ የፍየል ዘፈን ይሆናል። የጥንት አቴናውያን መሪር ተውኔታቸውን ስለምን በፍየል እንደሰየሙት ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም፤ አንዳንዱ ለአሸናፊው ይሰጥ ስለነበረው ሽልማት ሲል፣ ሌላው በመሥዋዕት ስለሚታረደው ፍየል ይላል። «ኮሜዲ»፣ «ሜሎዲ»፣ «ፓሮዲ» የሚባሉትም ሁሉ ያንኑ «ኦዴ»ን በጅራታቸው ይጎትታሉ። በአሰላ አንድ ተማሪ አጋዘኑን በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ፣ ትራጀዲውን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ሲሸመድድ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የሚነግረው ካላገኘ፣ አንድ ጊዜ መልፋት ሲገባው ሁለት ጊዜ ይለፋል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። እንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ ወዲህ በፈረንሳይኛ በኩል፣ በኋላም በሊቃውንቱ ብዕር በቀጥታ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን የቃላት ሀብቱን ከሮማይስጥና ከጽርእ የወሰደ ቋንቋ ነው። የቤትና የማጀት ቃሎቹ አጫጭርና የራሱ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ቃላት ግን ረጃጅምና የተውሶ ናቸው። በአገራችን ደግሞ እንግሊዝኛ የሚገባው በማጀት በር ሳይሆን በትምህርት ቤት በር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፈረንሳይኛ ይዞት የነበረውን ሥፍራ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንግሊዝኛ ወረሰው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በኦሮሚያ ሕፃናት በአፋን ኦሮሞ አንብበው፣ ቆጥረው፣ ሳይንስን ጀምረው፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርባቸዋል። ከቦቆጂ ወይም ከሳጉሬ ገጠር የመጣች ልጅ ቅጠል ከፀሐይ ምግብ እንደሚሠራ አሳምራ ታውቃለች፤ የሚጥላት «ፎቶሲንተሲስ» የሚለው ድምፅ ነው። «ፎስ» ብርሃን፣ «ሲን» አብሮ፣ «ቴሲስ» ማኖር መሆኑን የሚነግራት ቢኖር ቃሉ ዕውቀቷን ባልጋረደባት ነበር።

የሚያስገርመው ግን ጽርእ ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ በጽርእ ጽፈዋል፤ የኢዛና የድል ጽሑፍ በግዕዝ፣ በሳባና በጽርእ ቆሟል። መጻሕፍተ ብሉያት ወደ ግዕዝ የተመለሱት ከጽርኡ ትርጉም ነውና ቃላቱ በዚያው ገብተው ቀሩ። ቀለም የሚነከርበት መቃ «ካላሞስ» ነበር፤ እኛ ቀለም ብለን ፈሳሹን ጠራንበት። «ትራፔዛ» ጠረጴዛ ሆኗል፤ ያው ቃል በጂኦሜትሪ መጽሐፍ «ትራፔዚየም» ተብሎ ሲመጣ ግን ማንም አይለየውም። «ኤጲስ ቆጶስ» ማለት ከላይ ሆኖ የሚመለከት ማለት ነው፤ «ስኮፖስ» የሚለው ሥሩ «ቴሌስኮፕ»ንና «ማይክሮስኮፕ»ን ወልዷል። በ«ሲኖዶስ» ውስጥ ያለው «ሲን» ከላይ በ«ሲንተሲስ» ያየነው ነው፤ «ሆዶስ» ደግሞ መንገድ ነው፤ «ሜቶድ» የሚለው ቃል ከዚሁ መንገድ ላይ ቆሟል።

የሰው ስም ከዚህም ይበልጣል። ጊዮርጊስ ገበሬ ማለት ነው፤ «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ሥራ። ከመጀመሪያው «ጂኦግራፊ»፣ «ጂኦሎጂ» እና «ጂኦሜትሪ» ይወለዳሉ፤ ከሁለተኛው «ኤነርጂ»። ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ ነው፤ «ሂፖስ» ፈረስ፣ «ፖታሞስ» ወንዝ፤ እንግሊዝኛው የዝዋይን ጉማሬ «የወንዝ ፈረስ» ብሎ የሚጠራው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በፈረስ ወዳድነቱ የታወቀው የአርሲ ሰው ይህን ቢሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

በአርሲ ግን ብዙው ሕዝብ እስላም ነውና የቤተ ክርስቲያኑ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ አያስፈልግምም። ቁርኣን ቤት የተቀመጠ ልጅ «ሲራጥ»ን ያውቃል፤ ቀጥተኛው መንገድ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቃል ከሮማይስጡ «ስትራታ»፣ ማለት ከተነጠፈው የድንጋይ መንገድ ያገናኙታል። የእንግሊዝኛው «ስትሪት»ም ከዚያው ንጣፍ የተነሣ ነው። «ዲናር» የሮማ «ዴናርዩስ» ነው፤ «ኢንጂል»ና ወንጌል ሁለቱም «ኤዋንጌልዮን» ከሚለው የምሥራች የመጡ ናቸው። የአሰላ ሁለት ጎረቤት ልጆች፣ አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከደብር፣ አንዱን የጽርእ ሥር በሁለት እጅ ይዘውት ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ ማለት ነው። መምህሩ ይህን ማወቁ ከመዝገበ ቃላት ይሻላል።

ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ጥሎት የሄደውንም መዝለል አይገባም፤ መርካቶ፣ ፋብሪካ፣ ፖስታ፣ መኪና የዕለት እንጀራ ሆነዋል፤ «ማርኬት»፣ «ፋብሪክ»፣ «ፖዚሽን» እና «ማሺን» የእነዚሁ የእንግሊዝኛ ዘመዶች ናቸው።

በጭላሎ አውራጃ ግን ከሮማይስጥ ሥሮች ሁሉ እንደ «ትራሄሬ» በሕዝቡ ላይ የከበደ የለም። ትርጉሙ መጎተት ነው። በስዊድን ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ ዓላማው ትንሹን ገበሬ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ መርዳት ነበር። ስንዴው አማረ፤ ነገር ግን ማማሩን ያዩ ባለርስቶች መሬቱን ራሳቸው በ«ትራክተር» ማረስ ወይም ለባለ«ኮንትራት» ማከራየት ጀመሩ፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ጭሰኞች አባቶቻቸው ካረሱት መሬት ተነቀሉ። ትራክተር ጎታች ነው፤ ኮንትራት ሁለት ወገን በአንድ ላይ የሚጎተትበት ውል ነው፤ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር በቅለው በአንድ ዘመን ጭላሎ ገቡ። እ.ኤ.አ. የ1975ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ጭሰኛው የቃሉን ፍቺ በጀርባው ተማረ። የታሪክ መምህር «አትራክት»፣ «ኤክስትራክት»፣ «ሰብትራክት» የሚሉትን ቃላት በዚህ ታሪክ ላይ ቢያስተምር ልጆቹ የሚረሱት አይመስልም።

ሥር ፈልጎ ቃልን ማወቅ ራሱ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያወርድ፣ ከጸሐፈ ተነሥቶ ጸሐፊን፣ መጽሐፍን፣ ጽሕፈትን ሲያረባ የኖረ ነው። በጽርእ «ግራፌይን» መጻፍ መሆኑን የሰማ እንዲህ ያለ ተማሪ «ጂኦግራፊ»፣ «ፎቶግራፍ»፣ «አውቶግራፍ» የሚሉትን በዚያው መንገድ ማርባት አይቸግረውም። እርግጥ የግዕዝና የአማርኛ ሥር በውስጡ አናባቢ እየለዋወጠ ይረባል፤ የጽርኡ ሥር ግን ሳይነካ በፊትና በኋላ ይቀጠልበታል። በዚህ ረገድ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ይቀርባል፤ «ባር» ከሚለው ሥር «ባራታ» ተማሪ፣ «ባርሲሳ» አስተማሪ፣ «ባሩምሳ» ትምህርት እየተባለ በስተኋላ ይቀጠላል። የአርሲ ልጅ የዘዴውን ግማሽ ከእናቱ አፍ ተቀብሏል።

ዘዴው ወጥመድም አለው፤ ይህን ሳይነግሩ ማስተማር ልጅን ማሳሳት ነው። «ፔድ» በጽርእ ሕፃን ነው፤ የሕፃናት ሕክምና «ፔዲያትሪክስ» የተባለው ከዚህ ነው። በሮማይስጥ ግን «ፔድ» እግር ነው፤ «ፔዳል» ከዚያ ነው። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ የሕፃናት ሐኪሙን የእግር ሐኪም ያደርገዋል። ስምም ይዋሻል፤ ቀይ ቀበሮ «ካኒስ ሲሜንሲስ»፣ የስሜን ውሻ፣ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሆኖም ከስሜን ይልቅ በባሌ በብዛት ይገኛል፤ በአርሲ ተራሮችም ይኖራል። ሥር የቃሉን ዘመድ ያሳያል እንጂ ትርጉሙን ሁልጊዜ አይናገርም። ስለዚህ ሥሩን ከተማሩ በኋላ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ ማየት የግድ ነው።

ከዕፀዋት በኩል ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ኮሶ በቀድሞው የሳይንስ ስሙ «ብራዬራ አንትሄልሚንቲካ» ነበር፤ «አንቲ» ተቃራኒ፣ «ሄልሚንስ» ትል። ኮሶ የጠጣ አባት ይህን የጽርእ ቃል በሆዱ ያውቀው ነበር፤ ልጁ ዛሬ «አንቲባዮቲክ» ሲታዘዝለት ያንኑ «አንቲ» ይውጣል። በኮፈሌ ደጋ በየጓሮው የሚበቅለው እንሰት ደግሞ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ይባላል። «ቬንቴር» በሮማይስጥ ሆድ ነው፤ የግንዱን ግርጌ ማበጥ ያዩ ሰዎች ባለሆዱ አሉት። የልብ ክፍል «ቬንትሪክል» የተባለውም በትንሽ ሆድ ተመስሎ ነው። የመጀመሪያውን ቃል፣ «ኤንሴቴ»ን፣ ፍቺውን ከጽርእም ከሮማይስጥም የሚፈልግ የውጭ አገር ተማሪ አያገኘውም፤ ከኢትዮጵያ የተወሰደ ነው።