ተመልካቹ ሲቀድም

የቴሌቪዥን ጣቢያ ትልቁ ሥልጣን ሰዓት መወሰን ነበር። በአሜሪካ ይህን ሥልጣን አስቀድሞ የነካው የቪዲዮ መቅረጫ ነው፤ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን ቢከሱም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 (እ.ኤ.አ.) በቤት ቀርጾ ቆይቶ ማየት ጥፋት እንዳልሆነ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደ።

ኢንተርኔት ደግሞ ድንበሩን ጭምር አፈረሰው። አሜሪካዊው ሳይፋይ ጣቢያ ከብሪታንያው ስካይ ጋር ያሠራው «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ በጥቅምት 2004 በብሪታንያ መታየት ሲጀምር፣ የአሜሪካ ተመልካች እስከ ጥር 2005 እንዲጠብቅ ተፈረደበት። ብዙዎች አልጠበቁም፤ ቢትቶሬንት በተባለው ዘዴ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተቀባበሉ አዩት። የሚገርመው፣ ድራማው በሳይፋይ ሲቀርብም ተመልካች አላጣም።

ሆሊውድ ግን ወደ ፍርድ ቤት ሮጠ። በግንቦት 2005 የስቱዲዮዎቹ ማኅበር የቴሌቪዥን ድራማዎችን ያቀባብላሉ ያላቸውን ስድስት ድረ ገጾች ከሰሰ። ክሱ የሕግ መሠረት አላጣም፤ ለሚጠብቀው ተመልካች ግን የፈየደለት አንዳች ነገር አልነበረም። የፈየደለት ገበያው ነው፦ በዚያው ዓመት ጥቅምት ኤቢሲ «ሎስት»ን፣ በጣቢያው በታየ ማግስት፣ በአፕል አይቲዩንስ አማካይነት አንዱን ክፍል በ1.99 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በ2006ም ሊዘለል ከማይችል ማስታወቂያ ጋር በገዛ ድረ ገጹ በነፃ አቀረበው።

ከአሜሪካ ውጭ ላለ ተመልካች ግን ገጹ አይከፈትም ነበር።