ሥነ ጽሑፍ በሲጋራ ወረቀት

የእንጀራዬ ሥራ ወረቀት መቁጠር ነው። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት፣ መንገዱም በየሰሞኑ በሚዘጋበት ጊዜ፣ አዴት ላይ ስንኞቼን የምጽፈው በተበላሹ የገቢ ቅጾች ጀርባ ነበር። ያን ጊዜ ደጋግመው ትዝ ያሉኝ ገጣሚው ነቢይ መኮንን ናቸው።

ጋሽ ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስረው ሳለ፣ የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» እስረኞቹ እጅ ገባ። መጽሐፉ አንድ ነው፤ እንግሊዝኛውን የማያነብ እስረኛ ግን ብዙ። ሊተረጉሙት ተነሡ፤ መጻፊያ ወረቀት የለም። ስለዚህ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ የምትወጣዋን ብልጭልጭ ወረቀት እየዘረጉ በደቃቅ ፊደል ሞሏት። እንዲህ ያሉ ቁራጮች ወደ 3,000 ደረሱ። የሚፈቱ እስረኞችም በሲጋራ ፓኬታቸው ሸሽገው አወጡላቸው፤ እሳቸውም ሲፈቱ ከየሰዉ ለቃቅመው ሰበሰቧቸው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለው መጽሐፍ ለኅትመት የበቃው በዚህ መንገድ ነው።

እንደ ቆጣሪነቴ የሚደንቀኝ ይህ ነው። እኔ ከ100 ኖት እስር ውስጥ አንዲቱ ብትጎድል ቀኔ ይበላሻል። የእሳቸው 3,000 ግን በማያውቁት ደጅ፣ በስንት ሰው ኪስ ተበትኖ ነበር! በእርግጥ ልብ ወለዱ ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ማዘኑን አልወድለትም። ሆኖም ጦርነትና ረኃብ ያደቀቁትን የአሜሪካ ደቡብ ታሪክ እነዚያ እስረኞች የሰሙት የገዛ አገራቸው በጦርነት ስትታመስ ነውና፣ ከእኔ ይልቅ ቀርቧቸው ይሆናል።

ችግር ሁሉንም ጸሐፊ እንዲህ አያጣድፍም። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ወረራ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ይሁን እንጂ በ1958 ዓ.ም. የሰጡን ታላቅ መጽሐፍ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የዚያ ጦርነት ታሪክ አይደለም። የዘመቻ ትውስታቸው «ትዝታ» ተብሎ የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከወረራው 57 ዓመት በኋላ! ፊንላንዳዊው ቫይኖ ሊና ከሶቪየት ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋግቶ፣ «ያልታወቀው ወታደር» የተሰኘ ልብ ወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ይህም ሰላም በወረደ በ10 ዓመቱ ነው። የጻፈውም ታምፔሬ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራ ነበር። ከሥራ መልስ የሚጽፍ ሰው መሆኑን ሳነብ፣ አልደብቅም፣ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ይህን ሁሉ ቢሰማ ሊስቅብን ይችላል። እሱ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ቀለም ሌሊቱን ሲቆጥር ያድራል፤ ሲነጋ ለመምህሩ ይነግራል። ቅኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ከተባለ አይደገምም። ያማረውን የሰማ ይዞት ይሄዳል፤ ካልያዘው ጠፋ።

እኔ ያን ያህል ልብ የለኝም። ከገቢ ቅጾቼ ሁለቱ ሰነድ በሚቃጠልበት ቀን ከሌላው ወረቀት ጋር ሄደውብኛል። አንደኛውን ግጥም በቃሌ አስታውሼ እንደገና ጻፍሁት። የሁለተኛው መነሻ ስንኝ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ቀሪውን ዛሬም ገንዘብ እየቆጠርሁ እፈልገዋለሁ።