የውጅግራ ዝገትና የታሪክ ማስረጃ

ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደራስጌ ላይ ከተሸነፉበት ጊዜ ጀምሮ የስሜን ታሪክ ከነፍጥ ታሪክ ተለይቶ አይነገርም።

በአድዋ ዘመን የታወቀው ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝጋል፤ ስለዚህ ከተኩስ በኋላ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅና ዘይት መቀባት የግድ ነበር።

ዛሬም ተመራማሪው ከመፍታቱ በፊት አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ መቀርቀሪያውን ስቦ ጥይት አለመኖሩን በዓይኑ ያረጋግጥ። በአፈሙዝ የሚጎርሱት ግን የቆየ ባሩድ እንደያዙ ሊገኙ ስለሚችሉ ያለ ባለሙያ አይነኩ።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የተሠራበትን ስፍራና ዓመት የሚናገረውን ማኅተም ያጠፋል። ይህን እኔ ሰነድ ከማቃጠል ለይቼ አላየውም።