ምናባዊው ድንበር

ምናብ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ቃል ነው። ገጣሚው ያላየውን አገር የሚያይበት፣ ደራሲው ያልተወለደ ሰው የሚወልድበት ነው። ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም. ግን ይህ ቃል ሳናስበው ከእጃችን ወጥቶ የድንበር ቀያሾች ሆነ። በሔግ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን፣ በመሬት ላይ ምልክት ለመትከል ስላልቻለ፣ ከዓመት በፊት ባስጠነቀቀው መሠረት ድንበሩ በካርታ ላይ በሰፈሩት ነጥቦች እንደተካለለ ይቆጠራል ብሎ ሥራውን ዘጋ። አሠራሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምናባዊ ማካለል» ተባለ። አስመራ ተቀበለችው፤ አዲስ አበባ ዋጋ የለውም አለች። እኔ ግን ከፖለቲካው ይልቅ ቃሉ ከነከነኝ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ምድር እንዴት ሆኖ በመጨረሻ ምናብ ውስጥ ገባ?

ጦርነቱ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲነሣ አስታራቂ አልጠፋም ነበር። መጀመሪያ አሜሪካና ሩዋንዳ፣ ቀጥሎም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሐሳብ ይዘው ተመላለሱ፤ አንዱ ሲቀበል ሌላው እያመነታ ሁለት ዓመት አለፈ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በአልጀርስ ተኩስ ለማቆም ተስማሙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያው ከተማ አቶ መለስ ዜናዊና አቶ ኢሳይያስ አፈወርቂ በአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካ፣ በኮፊ አናንና በማድሊን ኦልብራይት ፊት የሰላሙን ውል ፈረሙ። እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ በኤርትራ ግዛት ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጣና ሰፈረ፤ ምርኮኞችም ወደየአገራቸው ተመለሱ። ይህን ያህሉን ዲፕሎማሲ ሠርቷል። ልጇ ከምሽግ በሕይወት ለተመለሰላት እናት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የከረረው በውሉ አራተኛ አንቀጽ ላይ ነው። አንቀጹ የድንበሩን ጉዳይ ለአምስት ዳኞች ይሰጥና ውሳኔያቸው የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ይላል። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት ሌላ ሐረግ አለች፤ ኮሚሽኑ በርትዕ የመፍረድ ሥልጣን እንደሌለው የምትናገር። በቀላል አማርኛ፣ ሁለቱ መንግሥታት «ዳኛ ሁኑን እንጂ ሽማግሌ አትሁኑን» ማለታቸው ነበር። ከመረብ ወዲህም ማዶም ያለ ሰው በመሬት ሲጣላ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚህም ከዚያም ቀንሶ፣ የአንዱን ኩራት የሌላውንም ጉዳት አይቶ ያስማማል። አልጀርስ ላይ ይህ በር በሁለቱም ፈቃድ ተቆለፈ። ዳኞቹ የሚያዩት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችንና ዓለም አቀፍ ሕግን ብቻ ሆነ።

ውሎቹ ሦስት ናቸው፤ የ1892፣ የ1894 እና የ1900 ዓ.ም. (ፈረንጆቹ የመጀመሪያውን የ1900 ውል ስለሚሉት፣ ቀመሩን ሳይለይ የሚያነብ ሰው የመረብን ውል ከአፋሩ ውል ጋር ያምታታል፤ እኔም አንድ ጊዜ ተምታቶብኛል።) ከሦስቱ ልቤን የሚይዘው የ1894ቱ ነው። ዐፄ ምኒልክ፣ የኢጣሊያው ቺኮዲኮላና የእንግሊዙ ሃሪንግተን ያቆሙት ይህ ውል መስመሩ ከሰቲት ወንዝ ተነሥቶ መረብና ማይ አምበሳ እስከሚገናኙበት እንዲሄድ ካዘዘ በኋላ፣ ይህም የሚደረገው የኩናማ ሕዝብ ለኤርትራ እንዲሆን ነው ይላል። በውሉ ውስጥ ወንዙ ብቻ ሳይሆን ሰውም አለ። ኩናማዎቹን ግን የጠየቃቸው አልነበረም።

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰር ኤሊሁ ላውተርፓክት የሚመራው ኮሚሽን ውሳኔውን ሰጠ። በዚያው ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች ተናገሩ። አስመራም በበኩሏ አሸነፍኩ አለች። ሁለቱም እንዲህ ለማለት የቻሉት በውሳኔው ማሰሪያ ክፍል ውስጥ የባድመ ስም ስላልተጠቀሰ ነው። ያለው የነጥብ ቁጥር፣ የወንዝ ስም፣ ዲግሪና ደቂቃ ነው። ከነጥብ 6 እስከ ነጥብ 9 ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል፤ መንደሯ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደምትውል ያልተነገረው አንባቢ ራሱ ካርታ ዘርግቶ መፈለግ ነበረበት። አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ ስሟ «ባድማ» ከሚለው ቃል አይርቅም፤ ያን ሁሉ ደም የጠየቀች መንደር በፍርዱ ላይ እንኳ ስም አጣች። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ግን ባድመ በኤርትራ በኩል መሆኗ ግልጽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው የአልጀርሱ ቁልፍ ድምፅ ይሰማኛል። መስከረም 8 ቀን 1996 ዓ.ም. አቶ መለስ ለጸጥታው ምክር ቤት በጻፉት ደብዳቤ ውሳኔውን ሕገ ወጥና ኢፍትሐዊ ብለው ሌላ መንገድ እንዲፈለግ ጠየቁ፤ ራሳቸው የዘጉትን የሽምግልና በር ማንኳኳታቸው ነበር። ካናዳዊው ሎይድ አክስዎርዚ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ሲላኩ አስመራ አላነጋግርም አለች፤ የመጨረሻ የተባለ ነገር ምን ንግግር ያሻዋል? በኅዳር 1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» መቀበሏን በአምስት ነጥብ አስታወቀች። ይህቺ «በመርህ ደረጃ» አሥራ ሦስት ዓመት በላች። የፈረመ ሰው ፊርማውን ማክበር ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ዘመን ይህን ጮክ ብሎ መናገር ግን በባንዳነት ያስጠረጥር ነበር። የአስመራ ዝምታም ቢሆን ምሽግ ውስጥ ላለው ወጣት የጠቀመው ነገር አልታየኝም።

የሚገርመው ደግሞ ከዚያው ውል የተወለደው የካሳ ኮሚሽን ነው። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ኤርትራ በኢትዮጵያ ሰላማዊ አስተዳደር ሥር የነበረችውን ባድመን በጦር ኃይል ወርራ መያዟ ዓለም አቀፍ ሕግን የጣሰ ነው ሲል ፈረደ። አንዱ ኮሚሽን መንደሯን ለኤርትራ ሰጠ፤ ሌላው እሷን ለመያዝ ጦር ማዝመቷን ኮነነ። በሕግ ዓይን ሁለቱ አይጋጩም። ለሟች ቤተሰብ ይህን ማስረዳት የሚችል ጠበቃ ግን አላውቅም።

በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የሰላም አስከባሪው ተልዕኮ አበቃ። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ፤ ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የተፈረመው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫም የድንበሩ ውሳኔ ይፈጸማል የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያዘ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ፣ የዛላምበሳና የቡሬ መተላለፊያዎች ተከፈቱ። ዛላምበሳ ላይ ሃያ ዓመት የተለያዩ ዘመዳሞች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አየሁ። ከመካከላቸው መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠይቅም የሚያሳየው የድንጋይ ምልክት የለም። ወራት ሳይቆጠሩ መተላለፊያዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ምልክቶቹም አልተተከሉም።