ቀለህ ይቀድማል፦ የሾትገን ጥይት ዕቃና መልሰው የሚሞሉት ሰዎች ታሪክ

ጠመንጃ በአፈሙዙ በሚጎርስበት ዘመን ቀለህ የሚባል ነገር አልነበረም። አዳኙ ባሩዱን ከቀንድ ሰፍሮ ያፈሳል፤ በውታፍ ይደፍነዋል፤ በላዩ የእርሳስ ፍሬውን ይጨምራል፤ እንደገና ይወትፋል። ቃታው ሲሳብ ሁሉም በአፈሙዙ ይወጣል፤ ተጎንብሶ የሚለቀም ነገር የለም። ዛሬ በአሜሪካ የሾትገን ጥይቱን እቤቱ የሚሞላ ተኳሽ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለዚያ ስለሚለቀመው ነገር ነው። የየትኛው ፋብሪካ ነው? ከምን ተሠራ? ውስጡስ እንዴት ያለ ነው? ብዙ ሰው ቀለሁን እንደ ልጣጭ ያየዋል። መልሶ ለሚሞላ ሰው ግን ባሩዱም፣ ውታፉም፣ መለኮሻውም የሚመረጡት ቀለሁ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚገባን ደግሞ ታሪኩን ከሥሩ ስንከተል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዣን ሳሙኤል ፓውሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ጠመንጃ ሠሪ በ1812 ፓሪስ ላይ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በስሙ አስመዘገበ። ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው በአንድ ዕቃ ተጠቃለው ይገቡበታል፤ የናስ መሠረቱም ተመልሶ እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ ነበር። እንግዲህ መልሶ መሙላት ኋላ ላይ ቆጣቢዎች ያመጡት ዘዴ አይደለም፤ ከጥይት ዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ሐሳብ ነው። በ1830ዎቹ ሌላው የፓሪስ ባለሙያ ካዚሚር ሌፎሼ በርሜሉ በማጠፊያ ወደ ታች የሚዘነበል የአደን ጠመንጃና ከጎኑ ትንሽ መርፌ የወጣበት ጥይት ሠራ። ዛሬ የምናውቀው በማጠፊያ የሚከፈት ሾትገን የእሱ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ቀለሁ ምን እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል። ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ የቀደመው ችግር ጋዝ ነበር፤ ባሩዱ ሲነድ እሳቱ በመገጣጠሚያው ወደ ተኳሹ ፊት ያፈተልካል። የቀለሁ ቀጭን ግድግዳ ይህን ፈታው። ግፊቱ ሲመጣ ይለጠጥና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል፣ ግፊቱ ሲወርድ ጥቂት ይኮማተርና ይወጣል። ጠመንጃውን ከኋላ መክፈት የተቻለው በዚህ መለጠጥና መመለስ ነው። ቀለህ የሚያረጀውም በዚሁ ነው፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ይዘረጋል፣ አፉ ይቃጠላል፣ የታጠፈበት ቦታ ይደክማል። ስንት ጊዜ ሊሞላ ይችላል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከተሠራበት ነገር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግማሽ በፍጥነት ሄደ። የሌፎሼ ጠመንጃ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ታየ፤ የእንግሊዝ ሠሪዎች ተቀበሉት፤ የጎን መርፌው ቀርቶ መለኮሻው ወደ መሠረቱ መሐል ገባ። በ1866 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን በየፊናቸው ሁለት ዓይነት መለኮሻ አቀረቡ። የቦክሰሩ መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ያገለገለው መለኮሻ በዘንግ ተገፍቶ በቀላሉ ይወጣል፤ የበርዳኑ ግን ቀዳዳዎቹ ከመሐል ወጣ ያሉ ስለሆኑ ያስቸግራል። የእንግሊዛዊው ዓይነት አሜሪካን፣ የአሜሪካዊው አውሮፓን መውረሱ ይገርማል። አሜሪካውያን ጥይታቸውን እቤት መሙላት እንዲህ ሊለምዱ የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በአሜሪካ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ሙሉ በሙሉ ከናስ የተሠራ የሾትገን ቀለህ ተስፋፋ። ለገበያ ዳክዬና እርግብ የሚያድኑ ሰዎች ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን እየሞሉ፣ ጠዋት ይዘውት ይወጡ ነበር። ናስ ዋጋው ውድ ነው፤ ዕድሜው ግን ረጅም። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እንዳይበላው በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይሞላል። አንድ ልዩ ጠባይም ነበረው፦ ግድግዳው በጣም ቀጭን ስለሆነ ውስጡ ይሰፋል፤ በመሆኑም ለ12 ቁጥር የናስ ቀለህ የ11 ወይም የ10 ቁጥር ውታፍ ይገባለታል። (ቁጥሩ የሚመጣው ከእርሳስ ነው፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድብልብል ሲከፈል የአንዱ ድብልብል ስፋት የበርሜሉ ስፋት ነው።) የ12 ቁጥር ጠመንጃ ያለው ሰው የ12 ቁጥር ውታፍ ገዝቶ የናስ ቀለህ ውስጥ ቢከት ጋዙ በጎን ያመልጥበታል። ከጠመንጃው ይልቅ ቀለሁን ማወቅ የሚበልጠው ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር።

የናስ ቀለህ ዋጋ በእኛም አገር የታወቀ ነው፣ ምንም እንኳ በሌላ ዓይነት ጠመንጃ ቢሆን። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሄድ ነበር። ውጅግራ የተባለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ የ1874 ሥሪት ነው፤ ጥይቱም የዚያው የናስ ዘመን ልጅ።

ናስን ከአደኑ ሜዳ ያባረረው ወረቀት ነው። ተጠቅልሎ በሰም የተነከረ የወረቀት ቱቦ፣ ከታች አጭር የናስ ቆብ፣ ከውስጥ የተጠቀጠቀ መሠረት። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ፋብሪካዎች ሞልተው መሸጥ ጀመሩ። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ከባድ ሆነ፤ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ ያነሰ መጠን እኩል ጉልበት ይሰጣል፣ የስፍር ስህተትም አይምርም። በአሜሪካ የጥይት ካርቶን ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የሚታየው «ድራም» የሚለው መለኪያ የጥቁር ባሩድ ዘመን ቅሪት ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያን ያህል ድራም ባሩድ የለም፤ የሚነግረን ጥይቱ ከስንት ድራም ጥቁር ባሩድ ጋር እንደሚመጣጠን ብቻ ነው።

አዳኝ በአንድ የአደን ወቅት ጥቂት ካርቶን ጥይት ይበቃዋል። እቤት መሙላትን የብዙ ሰው ልማድ ያደረገው የሸክላ ዒላማ ተኩስ ነው። አሜሪካዊው ተኳሽ አዳም ቦጋርደስ በ1877 ለዒላማ የሚሆን የመስታወት ኳስ መወርወሪያ አስመዘገበ፤ የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ በ1880 የሸክላውን ሳሕን አመጣ። ትራፕ በሚባለው ጨዋታ አንድ ዙር 25 ዒላማ ነው፤ የጥይት ካርቶኑም 25 ይይዛል። በየሳምንቱ አራት ዙር የሚተኩስ ሰው በዓመት ከ5,000 በላይ ጥይት ይጨርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዊስኮንሲን ውስጥ ሜይቪል በምትባል ከተማ በ1945 የተመሠረተው ሜይቪል ኢንጂነሪንግ፣ በአጭሩ ሜክ፣ ለእነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሙያ መኪና ሠራ። እጀታው ሲሳብ አሮጌው መለኮሻ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ባሩዱ ይፈሳል፣ ውታፉ ይጠቀጠቃል፣ እርሳሱ ይከተላል፣ አፉ ይታጠፋል። 25 ፓውንድ እርሳስ፣ በአንድ ጥይት አንድ አውንስ ከአንድ ስምንተኛ ሲገባ፣ 355 ጥይት ያወጣል።

ወረቀቱ ግን ይህን ሁሉ ድግግሞሽ አይችልም ነበር። እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ከጎረሰበት አልወጣም ይላል፤ አፉም በየተኩሱ ይቃጠላል። የአሜሪካው ጥይት ፋብሪካ ሬሚንግተን በ1960 አረንጓዴውን የፕላስቲክ ቀለህ አወጣ። በ1965 ደግሞ ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ዊንቸስተር ድርብ ኤ የተሰኘውን ቀይ ቀለህ ለሸክላ ተኳሾች አቀረበ። ይህ ቀለህ እንደ ቀደሙት ቱቦና መሠረት ተገጣጥሞ የተሠራ አልነበረም፤ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ በከፍተኛ ግፊት ተጨፍልቆ ከመሠረት እስከ አፍ አንድ አካል ሆኖ ይወጣል። ግድግዳው ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል፤ የሚነቀል የውስጥ መሠረት የለውም፤ ታጥፎ ተዘርግቶ ብዙ ጊዜ ይሞላል። በክለቦች ሜዳ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው እሱን ሆነ። በእኔ እምነት ለመልሶ መሙላት እስከ ዛሬ ከተሠሩት ቀለሆች ሁሉ የሚበልጠው ያ የመጀመሪያው ነው።

የአውሮፓ ፋብሪካዎች ባብዛኛው በሌላ መንገድ ሄዱ። ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ይቆረጣል፣ ለብቻው የተሠራ መሠረት ከውስጥ ይገባል፣ የብረት ቆብ ይጨብጠዋል። ቱቦው በተሳበበት መኪና የጀርመን ሠሪ ስም ራይፈንሆይዘር ይባላል። የጣልያኑ ፊዮኪና ቼዲት ቀለሆች ከዚህ ወገን ናቸው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም 12 ቁጥር፣ ሁለቱም አፋቸው ሲዘረጋ 70 ሚሊሜትር ናቸው። ከውስጥ ግን የአውሮፓው ሰፊ፣ የመጀመሪያው ድርብ ኤ ጠባብ ነው። ለሰፊው የተለካ ባሩድ፣ ውታፍና እርሳስ ጠባቡ ውስጥ ቢገባ ግፊቱ ይጨምራል፤ በተቃራኒው ቢሆን አፉ በደንብ አይታጠፍም፣ ባሩዱም በወጉ አይነድም። የአሜሪካ የጥይትና ጠመንጃ አምራቾች ተቋም ለ12 ቁጥር 70 ሚሊሜትር ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በካሬ ኢንች 11,500 ፓውንድ ነው። የመሙያ መመሪያ መጻሕፍት ገጾቻቸውን አስቀድመው በቀለህ ዓይነት የሚከፍሉት ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዊንቸስተር የድርብ ኤን አሠራር ለወጠ። ስሙ ያው ቀረ፤ ውስጡ ግን የተለየ መሠረት የገባበት ሁለት አካል ሆነ። ለፋብሪካው የምርት ጉዳይ ነው፤ አዲስ ጥይት ለሚገዛ ሰውም ምንም አይለውጥም። ለሚሞላው ሰው ግን በአንድ ስም ሁለት ቀለህ መጣበት። የተለየ መሠረት ከላላ ከተኩሱ ጋር ተነቅሎ በርሜሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ተከታዩ ጥይት ከዚያ ጋር ሲጋጭ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቀለሁን ከመሙላቱ በፊት በብርሃን ወደ ውስጥ ያየዋል። መሠረቱ ቦታው ላይ ነው? አፉ ተሰንጥቋል? የታጠፈበት ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አለ? አዲሱ መለኮሻ ጠበቅ ብሎ ይገባል? በስድስት ታጥፎ የነበረው በስድስት፣ በስምንት የነበረው በስምንት ይታጠፋል። የቀለሁ ቆብ ናስ መስሎ ብረት መሆኑን ማግኔት ይለያል፤ ብረት ዝገት ያገኘዋል። የተጠራጠሩበት ቀለህ ይጣላል፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

በቀለምም የተማርነው ነገር አለ። የ20 ቁጥር ጥይት በስህተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ቢገባ ወደ ፊት ተንሸራቶ በርሜሉ መግቢያ ላይ ይወተፋል፤ ተኳሹ ባዶ መስሎት በኋላው 12 ቁጥር ይጨምርና ይተኩሳል። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ እንዲሆን የተለመደው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው።

አሁን ደግሞ ምርጫውን እየገለበጠ ያለው ሕግ ነው። የውሃ ወፎች ጠጠር መስሏቸው የእርሳስ ፍሬ እየዋጡ ይመረዛሉ። አሜሪካ በ1991 ለውሃ ወፍ አደን እርሳስን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በረግረጋማ ቦታዎች ላይ ያወጣው ክልከላ በየካቲት 2023 ሥራ ላይ ዋለ። የሚተካው የብረት ፍሬ ከእርሳስ ቀላል ስለሆነ፣ ለእኩል ክብደት አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ጠንካራ በመሆኑም በርሜሉን እንዳይፍቅ ወፍራም ውታፍ ያስፈልገዋል፤ ያም ቦታ ይወስዳል። የሚሞላበት ልክ የራሱ ነው፤ ከእርሳስ ገጽ ላይ አይወሰድም። ወደ ታች የሚጠበው ቀለህ ለዚህ አይመችም። ስለዚህ የዳክዬ አዳኞች ለብረት ፍሬ የሚመርጡት የሸክላ ተኳሾች ሜዳ ላይ ትተውት የሚሄዱትን፣ ቀጥ ያለውን፣ መሠረቱ ዝቅ ያለውን ሰፊ ቀለህ ነው።