ከቤት ሽያጭ ወይም ከስም ዝውውር በፊት የይዞታ ማህደር መኖሩን ስለማረጋገጥ

የይዞታ ማህደር የአንድ ይዞታ ሰነዶች በአንድነት የሚቀመጡበት ፋይል ነው። የካርታው ቅጂ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የቀድሞ ውሎችና የግንባታ ፈቃዶች፣ እንዲሁም ከባንክ ወይም ከፍርድ ቤት የመጡ የዕዳና የእገዳ ደብዳቤዎች በውስጡ ይገኛሉ። ካርታው በባለይዞታው እጅ ሲሆን ማህደሩ በመንግሥት መዝገብ ቤት ይቀመጣል። አንዳንድ ተገልጋዮች ካርታው በእጃቸው ስላለ ብቻ ማህደሩም በቦታው እንዳለ ይገምታሉ። እንደሌለ የሚታወቀው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ግን ገዢም ሻጭም ችግር ላይ ይወድቃሉ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ መደረግ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድም መመዝገብ አለበት። ሰነድ አረጋጋጩም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት አስተላላፊው ባለመብት መሆኑንና ንብረቱ በዕዳ ያልተያዘ ወይም ያልታገደ መሆኑን ያጣራል። ይህ ማጣራት የሚያርፈው በማህደሩ ላይ ነው።

ተገልጋዩ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው «ማህደሩ አልተገኘም» እና «ማህደሩ የለም» የሚሉት ሁለት መልሶች የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የአባቱን ቤት የወረሰ የሽሮ ሜዳ ወይም የቀጨኔ ነዋሪን እንውሰድ። በእጁ ያሉት የቆዩ ደረሰኞች በደርግ ዘመን አጠራር የከፍተኛና የቀበሌ ቁጥር ይዘው ሊሆን ይችላል። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ከመደራጀቷ በፊት የነበሩት 28 ወረዳዎችም ከዛሬዎቹ የጉለሌ ወረዳዎች ጋር አንድ አይደሉም፤ «ወረዳ» የሚለው ቃል ያኔ የሚያመለክተው እጅግ ሰፊ አካባቢን ነበር። ስለዚህ በአዲሱ አድራሻ ብቻ የተፈለገ ማህደር በአሮጌው ቁጥር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው የቀድሞውንና የአሁኑን አድራሻ፣ የቀድሞ የቤት ቁጥርን እንዲሁም የአባትንና የአያትን ስም ሊይዝ ይገባል።

የስም አጻጻፍም ቀላል ነገር አይደለም። «ፀጋዬ» እና «ጸጋዬ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም በኮምፒውተር ሲፈለጉ የተለያዩ ስሞች ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስሙ በካርታው ላይ እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ይቅረብ፤ ካልተገኘ በሌሎቹ አጻጻፎች እንዲፈለግ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት ይዞታቸው ተረጋግጦ ለተመዘገበ ባለይዞታዎች ይህ ድካም ይቀላል፤ ፍለጋው ከስም ይልቅ በይዞታው ልዩ መለያ ኮድ ይጀመራል።

ማህደሩ ለውሳኔ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ወጥቶ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ሲሆን መቼና ለማን እንደተሰጠ ከመዝገብ ቤቱ የማስወጫ መዝገብ ማጣራት ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 በተወረሰና በኪራይ በተያዘ የቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ግን የይዞታ ማህደር በስሙ አያገኝም፤ የእርሱ ፋይል የኪራይ ፋይል ነው፣ የሚጠየቀውም በቤቶች አስተዳደር በኩል ነው።

ማህደሩ መኖሩ ተረጋገጠ ማለት በዚያ ቀን ነበረ ማለት ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ አንድ ፋይል መኖሩ በተጣራበትና በተከፈተበት ቅጽበት መካከል ሊሰረዝ ወይም ሊዛወር ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ቢያጣራም ፋይሉ ሲከፈት የሚመጣውን መልስ ከማየት አይቦዝንም። በይዞታም እንዲሁ ነው። ሰኞ ንጹሕ የነበረ ማህደር ረቡዕ የፍርድ ቤት እገዳ ሊገባበት ይችላል። በመሆኑም የዕዳና እገዳ ማጣሪያው ከወራት በፊት የተገኘ ከሆነ ውል በሚፈረምበት ጊዜ አቅራቢያ እንዲታደስ፣ ገዢውም ዋናውን ክፍያ ከዚያ በፊት እንዳይፈጽም አጥብቀን እንመክራለን።

በሁሉም መንገድ ተፈልጎ ከታጣ ተገልጋዩ በቃል መልስ ብቻ መመለስ የለበትም። ማመልከቻውን በጽሑፍ አቅርቦ፣ በገቢ መዝገብ አስመዝግቦና ቁጥሩን ይዞ የጽሑፍ መልስ ይጠይቅ። ማህደሩ እንደገና እንዲደራጅ ለመጠየቅ ዋናው ካርታ፣ የግብር ደረሰኞች፣ የውኃና የመብራት ክፍያ ሰነዶች፣ የወራሽነት ውሳኔና የቆዩ ውሎች ይጠቅማሉ። ዋና ሰነዶች ለማመሳከሪያ ብቻ ይቅረቡ፤ ለጽሕፈት ቤቱ የሚተወው ቅጂያቸው ነው።